ቅቤው ለገንፎው ይሁን

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

በዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን የምናወራው አዲስ ልጅ ስለገባበት ቤት ነው። የደረሰች ነፍሰ ጡር ቤታችሁ ያለች፣ ሰሞኑን አያት የሆናችሁ፣ ባለቤታችሁ ሐኪም ቤት ገብታ ስልክ ስልካችሁን እያያችሁ የምትጠብቁ አባቶች፣ እባካችሁ ለጥቂት ደቂቃ ጆሯችሁን ስጡን።

ልጅ ሲወለድ በእኛ አገር ዝም ተብሎ አይታለፍም። እልልታ ይሰማል፣ የገንፎው ዱቄት ይነፋል፣ ጎረቤት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል። በሙስሊም ቤት አባት ወይም አያት በሕፃኑ ቀኝ ጆሮ አዛን ያሰማሉ፤ በሰባተኛው ቀን አቂቃ ይታረዳል፣ ስም ይወጣል። የመጣው ሁሉ ልጁን ማየት፣ ማቀፍ፣ ማንን እንደሚመስል መናገር ይፈልጋል። ደስ የሚል ወግ ነው። እኔ ዛሬ የምለምናችሁ ግን ዓይናችሁን ከሕፃኑ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ እናቱን እንድታዩ ነው። አዲስ የተወለደ ልጅ ምግቡም፣ ሙቀቱም፣ የሚያውቀው ድምፅም እናቱ ናት። እሷ ከተያዘች ልጁ ተይዟል። እሷ ከተዘነጋች ግን የፈለገ ያህል ልብስና ስጦታ ቢመጣለት አይካስም።

የቀደሙት ሰዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። በብዙ የአማራ ገጠር የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድ ሴት ወደ ወላጆቿ ቤት ሄዳ እናቷ ታርሳታለች። አራስ እህል አትፈጭም፣ ውኃ አትቀዳም፣ እንጨት አትለቅምም። ጠዋት ትኩስ አጥሚት ይቀርብላታል፤ ረፈድ ሲል ደግሞ መሐሉ በቅቤና በበርበሬ የተሞላ ገንፎ ይመጣል። ሴቶቹ ቡና እያፈሉ ይከቧታል፣ ያጫውቷታል፣ ብቻዋን አይተዋትም። ብቻዋን የማይተዋት ክፉ መንፈስ እንዳይለክፋት ነው የሚሉ አሉ፤ ለዚሁ ብለው ትራሷ ሥር ብረት የሚያኖሩም አሉ። ለምን እንደሚያደርጉት የሚሰጡት ምክንያት ምንም ይሁን ምን፣ ማድረጋቸው ትልቅ ነገር ነው። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ከባድ የደም መፍሰስ በአገራችንም በሌላው ዓለምም እናቶችን ከሚገድሉ ዋነኛ ምክንያቶች አንዱ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚደርሰው በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ ነው። አጠገቧ ሰው ካለ ቶሎ ይታያል፣ ቶሎም ሐኪም ቤት ይደረሳል።

የጤና ባለሙያዎችም የዚህን ወግ ዋጋ ተረድተዋል። ብዙ እናቶች ጤና ጣቢያ ሄደው ለመውለድ ያቅማሙ ከነበሩበት ምክንያት አንዱ ገንፎውም፣ ቡናውም፣ የሰው ሙቀቱም እዚያ አይኖርም የሚል ነበር። ስለዚህ በብዙ ጤና ጣቢያ ለወላዶች ገንፎ ይገነፋል፣ ቡና ይፈላል። ቤታቸው ሩቅ የሆነ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው ሲቃረብ መጥተው የሚያርፉበት የእናቶች ማቆያም በየቦታው ተሠርቷል። ወጉ ወደ ጤና ጣቢያው መግባቱ እኔን እጅግ ደስ ያሰኘኛል።

በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችንም ይህን አልጣሉትም። ልጇን ልታርስ ወደ ዋሽንግተን ወይም ወደ ሲያትል የምትሄድ እናት ሻንጣዋ ውስጥ የገንፎ ዱቄትና የአጥሚት እህል አይጠፋም። እናቷ ልትመጣላት ያልቻለች ደግሞ አለች፤ በሦስተኛው ቀን ብቻዋን ከሕፃኑ ጋር ቤት ውስጥ ትቀራለች። እንዲህ ያለች እህት በአካባቢያችሁ ካለች ተራ ገብታችሁ ምግብ አድርሱላት። በሩን አንኳኩታችሁ ድስቱን ብቻ ሰጥታችሁ አትመለሱ፤ ገብታችሁ ልጁን ያዙላትና ሁለት ሰዓት ትተኛ።

ስለ ምግቡ አንድ ነገር ልጨምር። የምታጠባ እናት ከወትሮው በተጨማሪ በቀን ሁለት ጊዜ መብላት አለባት። ገንፎና አጥሚት ጉልበት ይሰጣሉ፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ እንቁላሉ፣ ጎመኑ፣ ወተቱና ፍራፍሬው ግን አብሮ መምጣት አለበት። «አራስ ይህን አትብላ፣ ያንን አትቅመስ» እየተባለ የምትከለከለው አትክልትና ጥራጥሬ አብዛኛው አይጎዳትም፤ እንዲያውም የፈሰሰ ደሟን የሚተካላት እሱ ነው። ቡናውና ሻዩ ከምግቡ ጋር ባይሆን፣ ትንሽ ቆየት ቢል ይሻላል፤ ከምግብ ጋር ሲጠጡ ከእህሉና ከቅጠላ ቅጠሉ የምታገኘውን ብረት ሰውነቷ በደንብ እንዳይወስድ ያደርጋሉ።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ቅቤው ልምጣ። በአንዳንድ ቤት ሕፃኑ እንደተወለደ የመጀመሪያ ጉርሻው ቅቤ ነው። ሌላው ቤት ስኳር ይበጠብጣል፣ ሌላው የአብሽ ውኃ ጠብ ያደርግለታል። አያቶች ይህን የሚያደርጉት አንጀቱ ይለስልስ፣ ሆዱን አይቁረጠው ብለው ነው፤ የፍቅር ሥራ ነው። ነገር ግን የአራስ ልጅ አንጀት ከእናቱ ወተት ሌላ ምንም ለመቀበል አልተዘጋጀም። በቅቤውም በውኃውም በጣትም ላይ ያለ ጀርም በቀጥታ ይገባል። ሆዱም ትንሽ ስለሆነች ጥቂት ነገር ይሞላታል፤ ስትሞላ ደግሞ ጡት አይፈልግም፤ ጡት ካልተጠባ ወተቱ ቶሎ አይወርድም። ከዚያ «ወተት የላትም» ተባለና የላም ወተት ወይም የቆርቆሮ ወተት ይፈለጋል። እንዲህ እያለ በአንድ ማንኪያ ቅቤ የተጀመረው ነገር የእናቲቱን ጡት ያደርቃል።

መደረግ ያለበት ልጁ በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ ጡት እንዲይዝ ነው። በመጀመሪያ የሚወጣው ወፍራም፣ ቢጫ እንገር ነው። «የቆየ ነው፣ ቆሻሻ ነው» ብለው አልበው የሚያፈሱት አሉ። እባካችሁ አታፍስሱት። ሕፃኑን ከበሽታ የሚከላከሉ ነገሮች እንደዚያ ተጠራቅመው የሚገኙበት ሌላ ምግብ የለም። በመጀመሪያው ቀን የሚወጣው ጥቂት ማንኪያ ብቻ ቢሆንም ለዚያች ትንሽ ሆድ ይበቃል። ብዙው ወተት አብዛኛውን ጊዜ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ይመጣል፤ የሚያመጣው ደግሞ መጥባቱ ራሱ ነው። ስለዚህ ሕፃኑ ቀንና ሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጥባ።

አያቶችን ከሚያስደነግጡ ነገሮች አንዱ ልጁ በመጀመሪያዎቹ ቀናት መቀነሱ ነው። «ልጄ እኮ ከሳ!» ይባላል። ጤነኛ ሕፃንም ሲወለድ ከነበረው ክብደት ጥቂት ይቀንሳል፤ በሁለት ሳምንት ገደማ መልሶ ያገኘዋል። መጥገቡን ማወቅ ከፈለጋችሁ ጨርቁን እዩ፤ ከአምስተኛው ቀን ወዲህ በቀን 6 ጊዜና ከዚያ በላይ ከሸና ወተቱ በቅቶታል። ውኃ ደግሞ እስከ 6 ወር ድረስ አያስፈልገውም። የሐሩሩ አገር አድማጮቻችን፣ የአፋር፣ የጋምቤላ፣ የመተማ ሰዎች፣ ይህ ለእናንተም ይሠራል፤ ከእናት ወተት ከ10 እጅ ወደ 9 እጅ የሚጠጋው ውኃ ነው። ይልቅ ውኃውን ለእናቱ ስጧት።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ ከ100 ሕፃናት 73ቱ በተወለዱ በ1 ሰዓት ውስጥ ጡት ጀምረዋል። ከ6 ወር በታች ካሉት ግን የእናት ጡት ብቻ ያገኙ የነበሩት 58ቱ ነበሩ። አጀማመራችን ደህና ነው ማለት ነው፤ የሚያቅተን መዝለቁ ነው። ለመዝለቅ ደግሞ እናቲቱ የሚደግፋት ያስፈልጋታል።

አያቱን እንዴት እንንገራቸው የሚል ይኖራል። ሙግት አያስፈልግም። ልጃቸው፣ ማለትም የሕፃኑ አባት፣ ቀደም ብሎ ገና በእርግዝናው ወራት ቢያነሣው ጥሩ ነው። «እማዬ፣ ቅቤው ለገንፎው ይሁን። እሷ ትብላው፤ ልጁ ከእሷ ይጠጣዋል» ቢላቸው የሚቀየሙ አይመስለኝም። ከዚያ ደግሞ ሌላ ሥራ ይስጣቸው፤ ልጁን ማስገሳት፣ ማስተኛት፣ ምራታቸውን ማብላት። ልጅ ያሳደገ እጅ ሥራ ፈቶ ዳር እንዲቀመጥ ማድረግ ደግ አይደለም።

እንጥል ማስቆረጥና «ግግ» እያሉ ድድ መፈልቀቅን በተመለከተ ግን ልዝብ ቃል የለኝም። የሕፃኑ እንጥል ጤነኛ የሰውነቱ ክፍል ነው። ግግ የሚባለውም ገና ያልበቀለው የወተት ጥርሱ ነው። በምላጭና በጥፍር የሚደረገው ይህ ነገር ደም ያፈሳል፣ ቁስል ያመረቅዛል፣ መንጋጋ ቆልፍ ያመጣል። ልጁ ካስመለሰው ወይም ካስቀመጠው ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ማንም ይምጣ ማን፣ የልጃችሁን አፍ ለምላጭ አትክፈቱ።

(አጭር ሙዚቃ)

ሙቀት። ልጁ እንደተወለደ ተጠራርጎ ራቁቱን በእናቱ ደረት ላይ ይተኛ፤ ከላይ ጨርቅ ይደረብበት። ገላ ለገላ መነካካት ሙቀቱን፣ ትንፋሹንና ጡት መያዙን ያግዛል። ገላውን ማጠብ ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆይ። ከ2,500 ግራም በታች ሆኖ የተወለደ ልጅ ደግሞ ባለሙያዎቹ የካንጋሮ እንክብካቤ በሚሉት መንገድ ለረጅም ሰዓት ደረት ላይ ታቅፎ ይቆያል፤ እናቱ ስትደክም አባቱ ይተካታል። የአባት ደረትም ያሞቃል። እትብቱ ላይ ቅቤ፣ አመድ፣ እበት አይደረግ፤ የጤና ባለሙያ ክሎርሄክሲዲን የተባለውን ቅባት ከሰጣችሁ እንደታዘዛችሁት ተጠቀሙ፤ ሌላው ንጹሕና ደረቅ ሆኖ መቆየት ነው። በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ራሱ ይወድቃል፤ አትጎትቱት።

አራስ ከቤት አትወጣም የሚለው ልማድ ለዕረፍቷ ጥሩ ነው። ችግሩ ምርመራውንም አብሮ ማስቀረቱ ነው። በዚያው ባልኳችሁ ጥናት፣ ከወለዱ በ2 ቀን ውስጥ በባለሙያ የታዩት እናቶች ከ100 17ቱ ብቻ ነበሩ። እናትና ልጅ በመጀመሪያው ቀን፣ በሦስተኛው ቀን፣ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ፣ ከዚያም በ6ኛው ሳምንት መታየት አለባቸው። መውጣት ካልተቻለ የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጥሩ፤ ቤት ድረስ መምጣት ሥራዋ ነው።

ክትባቱን ላለመርሳት ለክርስቲያን ቤተሰቦች የሚመች አንድ ዘዴ አለ። ልጁ ሲወለድ የሳንባ ነቀርሳና የፖሊዮ ክትባት ያገኛል። ቀጣዩ በ6ኛው ሳምንት፣ ማለትም በ42ኛው ቀን ነው። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ክርስትና ሲነሣ ክትባቱ በዚያው ሰሞን ነው ማለት ነው። ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሣ ግን የ6ኛውንና የ10ኛውን ሳምንት ክትባት ቀድማ ጨርሳ መሆን አለባት። የ14ኛው ሳምንት ለሁለቱም ከክርስትናው በኋላ ይመጣል። ድግሱን ስታስቡ ካርዱንም አውጥታችሁ እዩ። የኩፍኝ ክትባት በ9 ወርና በ15 ወር ነው።

አሁን በጣም የምጨነቅበትን ነገር ላንሣ። ብዙ እናቶች በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ላይ ያለ ምክንያት ያለቅሳሉ። ሆርሞኑ፣ ድካሙ፣ እንቅልፍ ማጣቱ ተደማምሮ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ያልፋል። ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ግን፣ ልጁን ማየት ካስጠላት፣ ልጁ ተኝቶም እሷ እንቅልፍ ካጣች፣ «ምነው ባልወለድኩት» ካለች ወይም ራሷን ስለመጉዳት ካወራች፣ ይህ ሕመም ነው፤ ሕክምናም አለው። «ጤነኛ ልጅ ታቅፈሽ ምን ጎደለሽ?» አትበሏት። ያ ንግግር አፏን ያዘጋታል፤ ዝም ስትል ደግሞ የሚያድናት ሰው አይኖርም። አጠገቧ ተቀመጡ፣ ስሟት፣ ጤና ጣቢያ ይዛችኋት ሂዱ። ጸበል የሚሄዱም ካሉ ሐኪሙን አይተዉ። ራሷን ወይም ልጁን መጉዳት የምታስብ ከሆነ ብቻዋን አትተዋት፤ በዚያው ቀን ሐኪም ይያት።

አባቶች፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሚስቱ ለወለደች ሠራተኛ 3 ተከታታይ ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ፈቃድ ይሰጣል። ለእናቲቱ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ነው። ሦስት ቀን በእኔ ግምት እጅግ ያንሳል። ያም ቢሆን ውሰዱት፤ ከጓደኛ ጋር የደስደስ ስትጠጡበት አይለቅ። የቆሸሸውን ጨርቅ እጠቡ፣ ሌሊት ልጁን አንሥታችሁ ለእናቱ አቀብሉ፣ ጠብቶ ሲጨርስ አስገሱት፣ እንግዳ ሲበዛ በትሕትና ሸኙ። «ወንድ አራስ ቤት ምን ይሠራል?» የሚል ካለ ልጁን ታቅፋችሁ አነጋግሩት። አዲስ ሕፃን አጥርቶ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቀት ነው፤ ፊታችሁን በዚያ ልክ አቅርባችሁ ብታወሩት ትክ ብሎ ያያችኋል። ጉሊት ለምትቸረችረው፣ በቀን ሥራ ለምታድረው እናት ደግሞ የሚከፈላት ፈቃድ የለም። ለእሷ ፈቃዱን መስጠት ያለበት ቤተሰቡና ዕድሩ ነው።

በአንዳንድ አካባቢ እልልታው ለወንድ 7፣ ለሴት 3 ነው። የቤት ሽማግሌዎች ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ዘጠኝ ወር ተሸክማ ያማጠች እናት ጆሮዋ ያንን ቁጥር ይሰማል። ለሴቷም 7 ይባልላት።

ታላቅ ወንድም ወይም እህት ያለበት ቤት አንድ አደራ አለኝ። «ከእንግዲህ ማን ይወድሃል? ቦታህ ተወሰደ» እያልን በትንሽ ልጅ መቀለድ ልማዳችን ነው። ልጁ ግን ቀልድ መሆኑን አያውቅም። ጡት መልሶ የሚፈልገው፣ አልጋው ላይ የሚሸናው፣ ሕፃኑን የሚቆነጥጠው ከዚያ በኋላ ነው። አትቆጡት። ጠያቂ ሲመጣ መጀመሪያ ትልቁን ልጅ ሰላም በሉት፤ ለሕፃኑ ልብስ ስታመጡ ለእሱም ብስኩት ያዙለት። ጨርቅ ማቀበል፣ በር መክፈት የእሱ ሥራ ይሁን። እናቱም በቀን ውስጥ ትንሽ ጊዜ ሕፃኑን ለሰው ሰጥታ እሱን ብቻ ታቅፈው።

አራስ ጠያቂዎች፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ጉንፋን ካለባችሁ በስልክ ጠይቁ፤ የሕፃኑን አፍና እጅ አትሳሙ። ቶሎም ተነሡ።

አሁን የምናገረውን ከቻላችሁ ጻፉት። ሕፃኑ ጡት አልጠባ ካለ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ራሱን ከሳተ፣ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ገላው ከተኮሰ ወይም ከቀዘቀዘ፣ ሳይነኩት የማይንቀሳቀስ ከሆነ፣ እትብቱ ዙሪያ ከቀላ ወይም መግል ከያዘ፣ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢጫ ከሆነ ወይም መዳፉና የውስጥ እግሩ ቢጫ ከሆነ፣ እስኪነጋ አትጠብቁ። እናቲቱም ደም ከበዛባት፣ ካተኮሳት፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ከፈሰሳት፣ ኃይለኛ ራስ ምታት ከያዛት ወይም ዓይኗን ከጋረዳት እንዲሁ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ 907 ነው። በዚያው ጥናት፣ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 29ኙ የመጀመሪያ ወራቸውን ሳይጨርሱ ይሞቱ ነበር፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ በጊዜ ቢደረስላቸው የሚተርፉ ነበሩ።

በመጨረሻ፣ ስሙ ከወጣ በኋላ አንድ ጉዞ ይቀራል። ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ከጤና ተቋሙ የተሰጣችሁን የልደት ማሳወቂያ ወረቀትና የወላጆችን መታወቂያ ይዛችሁ ወደ ቀበሌያችሁ፣ አዲስ አበባ ከሆናችሁ ወደ ወረዳችሁ የምዝገባ ጽሕፈት ቤት ሂዱ። የልደት የምስክር ወረቀቱን ትምህርት ቤትም፣ ፓስፖርት ቢሮም አንድ ቀን ይጠይቃችኋል። እናቲቱን ወረፋ አታስቁሟት፤ አባት ይሂድ።

በሚቀጥለው ሳምንት 6 ወር የሞላው ልጅ ምን መብላት እንደሚጀምር እናወራለን። ለዛሬ በዚሁ እንሰነባበት፤ ጤና ይስጥልኝ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)